መሬት የሌለው አገርና የኦቦ ገመቹ ላም

ሬሳ ነው ብዬ ሙሾ ያወረድኩለት ነገር ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ዕቃ መሆኑን ያወቅሁት፣ መኪናችን የእንጦጦን ዳገት ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ስቄ አልጨረስኩትም።

በፊት ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ አንዷ ሰበታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ ትንሿ ሱሉልታ። «ቤትሽ የት ነው?» ብትሉኝ ታክሲ ውስጥ ነው የምላችሁ። ሰበታ ስሆን ቡራዩ ይናፍቀኛል፤ ቡራዩ ሦስት ሌሊት ካደርኩ ደግሞ የሱሉልታ ብርድ ይጠራኛል። ልጆቼ «እማዬ፣ እግርሽ ምን ነክቶት ነው የማያርፈው?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ! ሰርግ ሲባል፣ ማኅበር ሲባል፣ ልቅሶ ሲባል ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ለሐዘኑ ብቻ አልነበረም የምሄደው፤ በመስኮት አገር ማየቱንም እወደዋለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ግን ረግጬ አላውቅም። ሰማይን ቀና ብዬ የማየው ልብስ አስጥቼ እንደሆነ ብቻ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥር ወር ነው። የቡራዩ እድራችን አንዷ አባል እህቷ ሱሉልታ ሞታባት «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማደያው አጠገብ መኪና ይጠብቃችኋል» ተባልን። ሟቿን አላውቃትም። ሆስፒታል ቆይታለች፣ ደቃቃ ሴት ናት፤ የሰማሁት ይኼን ብቻ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ማደያው ጋ ስደርስ አንድ ቅጥቅጥ ቆሟል። ጥቁር የለበሱ ልጆች ይገባሉ። ሹፌሩን «ሱሉልታ ነው?» አልኩት።

«ሱሉልታ ነው እናቴ፣ ይግቡ።»

ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? ገባሁ።

«እግዜር ያጥናችሁ ልጆቼ» አልኩ ደረጃው ላይ ቆሜ።

«አሜን!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ያደጉ ልጆች ናቸው፤ አሮጊት ከመረቀች አሜን ነው፣ ምርቃቱ ስለ ምን እንደሆነ አይጠየቅም።

ተቀመጥኩና ወደ ኋላ ዞር ስል አማተብኩ። የመጨረሻው ወንበር ላይ አንድ ረዘም ያለ ነገር በጋቢ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ሁለት ልጃገረዶች ግራና ቀኝ ደግፈውታል። ከፊት አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት ትጮኻለች፦ «ቀስ! ጉድጓድ ሲመጣ አቅፋችሁ ያዟት! እንዳትጋጭ!»

ከሆስፒታል ወደ ቀብር እየወሰዷት ነው አልኩ በሆዴ። ያውም ያለ ሳጥን! ደቃቃ ናት ያሉኝም እውነታቸውን ነው፣ ምስኪን፣ እንደ ሕፃን ኩምትር ብላለች። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነው፤ አንድ የሚያለቅስ የለም! ቆሎ ይቆረጥማሉ። ይሳሳቃሉ። አንዷ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ከሬሳው ጋር ፎቶ ትነሳለች። የዘንድሮ ልጅ! እንዲህማ ሆና አትሄድም ብዬ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ደረቴን እየደቃሁ ጀመርኩ፦

«ምን ነበር እህቴ እንዲህ ያስቸኮለሽ፣
ከኋላ ወንበር ላይ ማን ነው ያጋደመሽ።»

ሹፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጉንጨ ሙሉ ልጅ፣ ኋላ ስሟ ቦንቱ መሆኑን ያወቅኋት፣ ክንዴን ነካ አድርጋ፣

«እማማ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?» አለችኝ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እሷ ናታ!» አልኩ ወደ ጋቢው እያመለከትኩ።

ቦንቱ ወደ ኋላ አየች። ወደ እኔ አየች። ከዚያ የሳቀችው ሳቅ! ከወንበሯ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ቲቸር! ቲቸር! እማማ ለቴሌስኮፑ እያለቀሱ ነው!» መኪናው ሙሉ ፈነዳ።

ቀጭኗ ሴት መጥታ አጠገቤ በርከክ አለች። እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ነው። የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ነጭ ቱቦና ትልቅ የመስታወት ዓይን አሳየችኝ። «ሰላማዊት እባላለሁ እማማ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ እነዚህ የሥነ ፈለክ ክበብ ልጆች ናቸው። ጥቁሩ የክበባችን ቲሸርት ነው። ይቺ ደግሞ ሰማይ ማያችን ናት።»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ በሐፍረት።

«እዚህ ገደል ላይ የት ሊወርዱ ነው እናቴ?» አለ ሹፌሩ፣ መሪውን ይዞ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ።

ሰላማዊት ስንመለስ ልቅሶው ቤት አደርስዎታለሁ ብላ አረጋጋችኝ። እኔም፣ ምን ይደበቃል፣ ወርጄ ቢሆን ይቆጨኝ ነበር። ጭንቀቷን ያወጋችኝ ያኔ ነው። ቴሌስኮፗ የትምህርት ቤቱ ናት፤ ሌላ የላቸውም። ቡራዩ መብራት በዝቶ ሰማዩ አልታይ ስላለ፣ ይዘን እንውጣ ብላ ዓመት ሙሉ ርእሰ መምህሩን ለምናለች። በመጨረሻ አስፈርመው ሲሰጧት «አንድ ጭረት ባገኝ ክበቡ ተዘጋ፤ ልጆቹም ወደ ክፍላቸው» ብለዋታል። «ዛሬ በሰላም ካልመለስኳት አለቀልን» አለችኝ። ቦንቱ ሳቋን ያቆመችው ይህን ስትሰማ ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ልታዩ ነው?» አልኩ።

«ጁፒተርን። ፀሐይን ከሚዞሩት ዓለማት ሁሉ ትልቁን። የእኛ ምድር ሺህ ጊዜ ብትከተትበት ይውጣታል።»

«ሰው ደርሶበታል?»

«ሰው አልደረሰም፣ መንኰራኵር ግን ሄዷል። ዙሪያውን ይዞራል እንጂ አያርፍበትም።»

«ምነው? ባለቤቱ ከለከለ?»

ቦንቱ እንደገና ወለሉ ላይ።

«መሬት የለውም እማማ» አለች ሰላማዊት። «ደመናና አየር ነው። ቢወርዱ ቢወርዱ እግር የሚቆምበት አይገኝም።»

«መሬት ከሌለው ምኑን አገር ሆነ?» አልኳት። እሷም ስለ ግፊቱ፣ ስለ ሙቀቱ ብዙ አስረዳችኝ። እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። አየር ሰው ይጨፈልቃል ስትለኝ «እሺ» አልኩ፣ እንደ ቄስ ንባብ።

ሱሉልታን አልፈን ከአስፋልቱ ወደ አንድ ጉብታ ወጣን። ግጦሽ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ትልልቅ የድርቆሽ ክምሮች ይታያሉ። የሱሉልታ ድርቆሽ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ግማሹ የአዲስ አበባ ላም በሱ ነው የሚኖረው። ልጆቹ ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ተከሉ፣ ቴሌስኮፗን ሰቀሉበት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

የማንን ሜዳ እንደረገጥን የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ጥፋታችን እሱ ነው።

«ማሊ ኩን? ምንድን ነው ይሄ?» የሚል ድምፅ ሰማን። ቁመተ ረጅም ሰውዬ፣ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ዱላ ይዘው፣ ከኋላቸው ሦስት ጎረቤቶች አስከትለው በትልልቅ እርምጃ ይመጣሉ። የሜዳው ባለቤት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ዓይናቸው ከሦስቱ እግር አልተነሳም።

«ማነው የላካችሁ?»

«ከትምህርት ቤት ነን አባቴ፣ ሰማይ ልናይ…» ብላ ጀመረች ሰላማዊት።

«አምናም ሦስት እግር ያለው ነገር ይዘው መጡ። እነሱም ዓይናቸውን እየጨፈኑ በቱቦ ያዩ ነበር። በሳምንቱ ወንድሜ ማሳ ላይ ቀይ የተቀባ ድንጋይ ተተክሎ አደረ! ቀጥሎ ደላላው መጣ። ሰማይ ልናይ? ሰማይ ከቤታችሁ አይታይም?»

እንዴት እንዳደረጉት አላየሁም፣ ቴሌስኮፗን ከነመቆሚያዋ ነቅለው እንደ ጠቦት ብብታቸው ሥር አደረጓት። «ወይ ቀበሌ ትገባለች፣ ወይ እዚች ድንጋይ ላይ ትፈርጣለች። ምረጡ!»

ሰላማዊት ፊቷ አመድ መሰለ። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። ያኔ ነው እንግዲህ እውነተኛ ልቅሶ የሆነው!

እኔ እናቴ የሰበታ ኦሮሞ ናት፤ ቋንቋው ከጡቷ ጋር ነው የገባልኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ፊት ወጣሁ። «አካም ኦልተን ኦቦ?» አልኳቸው፣ እንደምን ዋሉ። ሰላምታ እዳ ነው፤ የተቆጣም ይመልሳል። «ነጋ» አሉ ሳይወዱ፣ ሰላም ነው ለማለት። እመቤቴ እንደ ማለት ደግሞ፦ «አዴ፣ እርስዎ ከነዚህ ጋር ምን ይሠራሉ?»

«እኔማ ለልቅሶ ነው የመጣሁት» አልኩ። ቦንቱ ከኋላዬ በእንባዋ መሀል «እንፍ» አለች።

«መሬት ሊለኩ ነው የመጡት፤ አይሸፍኑላቸው።»

«ኦቦ፣ እነዚህ ልጆች የሚያዩት አገር ላፍቲ ህን ጅሩ። መሬት የለም። መሬት የሌለበትን አገር የሚያይ ሰው የእርስዎን ሜዳ ምን ያደርግለታል?»

ከት ብለው ሳቁ፤ የደግ ሳቅ ግን አልነበረም። «መሬት የሌለው አገር! ስማ!» አሉ ለጎረቤታቸው። «እሺ አዴ፣ ደመናም ይሁን፣ ደመናው ካለቀ በኋላ ሥር የለውም? ድስት እንኳ ቂጥ አለው!»

እዚህ ላይ ጨነቀኝ። የሰላማዊት ትምህርት ከጆሮዬ ጠፍቷል። ዓይኔን ሳንከራትት ክምሩ ላይ አረፈ።

«ኦቦ፣ እርጥብ ድርቆሽ ከምረው ያውቃሉ?»

«አባቴ ከምሯል፤ ተቃጥሎብናል።»

«ክምሩ ጫፍ ላይ ልጅ ቢዘል ይቆማል?»

«ይሰምጣላ!»

«እጅዎን ወደ ውስጥ ቢከቱስ?»

«ወደ ውስጥ ሲሆንማ እየጠበቀ ይሄዳል። የላዩ ይጫነዋል። ደግሞ ይሞቃል፣ ሆዱ ውስጥ እጅ አያስገባም።»

«የላላው አልቆ የጠበቀው የሚጀምርበት ወለል አለው?»

አገጫቸውን አከኩ። «የለውም» አሉ ቀስ ብለው። «እየላላ፣ እየጠበቀ… ወለልስ የለውም።»

«በሉ ያ አገር የአየር ክምር ነው። ታችኛውን የላይኛው ይጫነዋል፤ በወረዱ ቁጥር ይጠብቃል፣ ይፈላል። ወለሉ ሳይገኝ እርስዎ ይጨፈለቃሉ።» ዞር ስል ሰላማዊት አፏን ከፍታ ታየኛለች። «ልክ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ። ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

«ማን ወርዶ አየው?» አሉ ኦቦ ገመቹ፤ ቀላል ሰው አይደሉም።

አሁን ሰላማዊት አፏ ተፈታ። «ሰው የሌለበት መሣሪያ በጃንጥላ አውርደው ነበር አባቴ። አንድ ሰዓት ያህል እየወረደ ያየውን ሲልክ፣ ሲልክ ቆየና ሙቀቱና ግፊቱ በረታበት፤ ድምፁ ጠፋ። እስከዚያ ድረስ ምንም ነገር አልነካም። ሌሎቹ ደግሞ በአጠገቡ ሲያልፉ እንዴት እንደሚስባቸው ለክተው…»

«ለክተው!» ዱላው ተነሳ። «አላልኳችሁም? ይለካሉ!»

ወይ አስተማሪ! ያስታረቅሁትን በአንድ ቃል ናደችው።

ኦቦ ገመቹ ወደ እኔ ዞሩ። «አዴ፣ እርስዎ የእድሜ ባለጸጋ ነዎት። በሚካኤል ይማሉልኝ። በዚህ ቱቦ መሬት እንዳልተለካ፣ ያ አገርም መሬት እንደሌለው ይማሉ፤ እለቃለሁ።»

እንግዲህ አስቡት። መሐላ ነው! አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው፣ «እምላለሁ» ብል ልጆቹ ይድኑ ነበር። ቦንቱ ቀሚሴን ትጎትታለች፦ «ይማሉ እማማ፣ ይማሉ!» እኔ ግን በሕይወቴ ባላየሁት ነገር ምዬ አላውቅም። ከሰማሁት ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ያውም ግማሹን ለሬሳ እያለቀስኩ።

«አልምልም» አልኩ።

ሰላማዊት ዓይኗን ጨፈነች።

«ሳላይ አልምልም። ያስቀምጧትና ልይ። ያየሁትን ያህል እምላለሁ፣ ከዚያ አላልፍም።»

ኦቦ ገመቹ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ኋላ ሲነግሩኝ፣ ቶሎ ምዬ ቢሆን ኖሮ ይዘዋት ሊሄዱ ነበር፤ ቶሎ የሚምል ሰው ደላላ ነው አሉኝ። ብቻ ያኔ መቆሚያውን መልሰው ተከሉ። የተከሉትም ጎበዝ አድርገው ነው፣ ሦስቱንም እግር በእግራቸው እየመቱ።

ሰማዩ ግን ገና ብርሃን ነው፤ ኮከብ የለም። «እስኪመሽ የምትለካውን እንይ» አሉ። ሰላማዊት ቱቦዋን ወደ ሸለቆው አዞረች፤ ታች አንዲት ቡሬ ላም ትግጣለች። ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀና ብለው ላሟን በዓይናቸው አዩ። እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ላሜ በጀርባዋ ቆማለች!»

«ምን?» አሉ ጎረቤቶቹ።

«እግሯ ወደ ሰማይ! ሳሩ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች! እየጋጠች ነው ደግሞ!»

«የዚህች መስታወት ነገር ነው፣ ሁሉን ገልብጣ ነው የምታሳየው» አለች ሰላማዊት። «የሰማይ ዓለም ላይና ታች ስለሌለው አያስቸግረንም።» ጎረቤቶቹ ተራ ገቡ። አንደኛው አንገቱን አጣሞ፣ ኋላም ጀርባውን ሰጥቶ በእግሮቹ መሀል ሊያይ ሞከረና ወደቀ። ኦቦ ገመቹ ያን ሲያዩ ዱላቸውን ጥለው ሆዳቸውን ያዙ። «ላም ገልብጦ መሬት የሚለካ ቀያሽ! ይሄማ የኔን ሜዳ ለሰማይ ነው የሚሸጠው!» እኔም ሳቅሁ፣ ልጆቹም፤ ሰላማዊት እንባዋ ከሳቋ ጋር ተደባለቀ።

ያኔ ነው ቦንቱ «ወጣ!» ያለችው። ከጭንቅላታችን በላይ አንድ ደማቅ ነጥብ፣ አይጠቅስም፣ አይርገበገብም። ቱቦዋ ተነሳች። ኦቦ ገመቹ ገለል ብለው «አዴ፣ መሐላው የእርስዎ ነው፤ ይቅደሙ» አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ።

ምን ልበላችሁ። ክብ ናት፤ ወተት የነካት፣ ሁለት ቀጫጭን ቡናማ መስመር ያላት። በግራና በቀኟ አራት ነጠብጣቦች እንደ ተሰካ ዶቃ ተሰልፈዋል። ትንፋሼ መስታወቱን እንዳያደበዝዘው አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ያቺ ሁሉ ግዝፈት ዓይኔ ውስጥ ገባች፤ መቆሚያ የላትም፣ ድንበር የላትም፣ ግን አለች። ፍርፍር ብዬ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ዛሬም አላውቅም፤ ሕፃን ሲኮረኮር እንደሚስቀው ነው።

«በሚካኤል» አልኩ ቀና ብዬ፣ «ቱቦዋ ወደ ላይ እንደምታይ እምላለሁ። አገሩ እንዳለም እምላለሁ። መሬት እንደሌለው ግን እኔ አላየሁም፤ እሱን ያጠኑት ይማሉ።»

ኦቦ ገመቹም አዩ። ብዙ ቆዩ። «ማንም አጥር አላጠረበትም?»

«ማንም» አለች ሰላማዊት።

«ድንጋይ የሚተክልበት የለም።»

«ድንጋዩ ራሱ ይሰምጣል አባቴ።»

«ዋቃዮ!» አሉ፤ አምላኬ ማለታቸው ነው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቦንቱ ግን አፏ አያርፍም፤ «እነዚያ አራቱ ጨረቃዎቹ ግን ደረቅ መሬት አላቸው! እነሱ ላይ ማረፍ ይቻላል!» አለች።

ሁላችንም ደረቅን። ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው ቀና አሉና ግራ ቀኝ አይተው፣ «ዝም በይ አንቺ!» አሏት። «ደላላ ይሰማል!»

ያን ምሽት ቤታቸው ወስደው እርጎ አጠጡን። ቴሌስኮፗን እሳቸው ራሳቸው በብርድ ልብሳቸው ጠቅልለው እስከ መኪናው ተሸከሟት። አንድ ጭረት አልነበረባትም። ልቅሶው ቤት ግን መሽቶብኝ የደረስኩት በማግስቱ ነው፤ የቀረሁበትን ስናዘዝ ሐዘንተኛዋ ራሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አላለቀሰችም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ያ ቀን ምን ለወጠሽ ብትሉኝ፣ ሥራ አስያዘኝ። በስተርጅና! ክበቡ ወደ መናገሻ ሲሄድ፣ ወደ ለገዳዲ ሲሄድ፣ መቆሚያው ከመተከሉ በፊት የሜዳውን ባለቤት ፈልጌ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። ሰላም ብዬ፣ ተቀምጬ፣ መሬት ስለሌለው አገር አወራለሁ፤ ላማቸውን ገልብጬ አሳያለሁ። የማያርፈው እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አሁን ያውቃል። ፊደሉንም ቦንቱ ናት ያስቆጠረችኝ፤ ይቺን ጽሑፍም እየሳቀች አርማልኛለች። ድሮ ያልገባኝን «እሺ» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ግን አላልፍም፣ «አሳዩኝ» እላለሁ፤ እናንተም በሉ፣ አያሳፍርም።

ባለፈው ክረምት፣ ሱሉልታ ላይ ዝናቡ ዘግይቶ ሁሉም ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ ኦቦ ገመቹ ደወሉልኝ።

«አዴ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እዚያ ደመና አለ ብላችኋል። ደመና ካለ ዝናብ አለ። መሬት ከሌለው ዝናቡ የት ነው የሚወድቀው?»

አላውቅም አልኳቸውና ሰላማዊትን ጠየቅሁ። ወርዶ፣ ወርዶ፣ ታችኛው ሙቀት ጋ ሲደርስ መልሶ ይተናል፤ ወደ ላይም ይመለሳል፤ አንድ ጠብታ እንኳ የሚነካው መሬት የለም አለችኝ። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ያ ሁሉ ዝናብ» አሉ፣ «የሚያርስበት ሰው እንኳ ሳይኖር! አዴ፣ እስቲ ይጠይቁልኝ፤ ከትርፉ ጥቂት ወደኛ የሚያዞሩበት መንገድ የለም?»

ጠየቅሁላቸው። አስተማሪዋ ሳቀች። ኦቦ ገመቹ ግን በየሳምንቱ እየደወሉ መልስ ይጠብቃሉ፤ ከእናንተ መሀል የሚያውቅ ካለ ይንገረንና ልንገራቸው።